በልጅነት ያየነው የት ይሄዳል?

ማታ እሳት ዳር የሰማነው ተረት፣ ጥጃ ስንጠብቅ የነፋነው ዋሽንት፣ እናታችን እንጀራ ስትጋግር የሸተተን ጢስ ዛሬም ትዝ ይለናል። ከትናንት ወዲያ የበላነውን ግን እንረሳለን። ይህ ለምን ይሆናል?

ልጅ ያየውን ሁሉ አይዝም። ብዙዎቻችን ሦስት ዓመት ሳይሞላን የሆነውን አናስታውስም። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሚቀርልን በጣም ያስደሰተን፣ በጣም ያስፈራን፣ ወይም ደጋግመን የሰማነውና የሠራነው ነው። ሰው የሚመላለስበትን የእግር መንገድ ሣር አይውጠውም። ትዝታም እንደዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ትዝታ በጎተራ እንዳለ እህል የገባው ልክ አይወጣም። ባስታወስነው ቁጥር እንጨምርበታለን፤ እንቀንስበታለንም። ወንድምና እህት ስለ አንድ ቀን ሲያወሩ «የለም፣ እንዲህ አልነበረም!» እየተባባሉ የሚከራከሩት ለዚህ ነው። ሁለቱም አልዋሹም።

ታዲያ ይህ ትዝታ ላደገ ሰው ምን ያደርግለታል? አንደኛ፣ ማንነቱን ይነግረዋል። «የማን ልጅ ነህ? የት አደግህ?» ስንባል የምንመልሰው ከልጅነታችን ነው። ሁለተኛ፣ የሥራ ስንቅ ይሆነዋል። ሸክላ ሠሪዋ እጇ ጭቃውን የለመደው በእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ገጠር ተወለዱ። በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ተማሩ። በኋላ አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ዘመቱ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ታሰሩ። ከተፈቱ በኋላ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኑ። ከትውልድ ቀያቸው ርቀው ብዙ ዓመት ኖሩ።

ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ ሲያሳትሙ የጻፉት ስለ አምባሳደር ኑሮ አልነበረም። የጻፉት ስለ ጎጃም ገጠር፣ ስለ ባላባቱና ስለ ገበሬው ነው። ባለታሪኩ በዛብህም እንደ እሳቸው የቤተ ክህነት ተማሪ ነው። መጽሐፉ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲነበብ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር አዳመጠው። በልጅነት የታየው ነገር ጊዜውን ጠብቆ ፍሬ ሰጠ ማለት ነው።

ክፉ ትዝታም ይቀራል። በጠየቀ ቁጥር «ዝም በል!» እየተባለ የተመታ ልጅ፣ አድጎ በስብሰባ ላይ አፉን ለመክፈት ሊፈራ ይችላል። ሆኖም ትዝታ ዕጣ ፈንታ አይደለም። «እኔ የቀመስኩትን ልጄ አይቀምሰውም» ብሎ የቆረጠ ወላጅ ክፉውን ትዝታ ለበጎ አዋለው።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ? ለልጆቻችን ተረት እናውራላቸው። ሲጠይቁን አንቆጣ፤ እንመልስላቸው። ስንሠራም አጠገባችን ሆነው ይዩ።

ደግሞም አሁን መጻፍ ችለናል። ደብተር እናውጣና ከልጅነታችን አንዲት ቀን እንጻፍ። የት ነበርን? ማን ነበር? ምን ተባለ? የጠፋብንን አረጋውያንን እንጠይቅ። ያልተጻፈ ትዝታ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ የተጻፈው ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ጥያቄዎች
1. በልጅነት ካየነው ውስጥ የትኛው ይቀርልናል?
2. ወንድምና እህት ስለ አንድ ቀን ለምን ይከራከራሉ?
3. እርስዎ ከልጅነትዎ የማይረሱት ምንድን ነው? በአምስት መስመር ይጻፉ።