ጡት ማጥባት፦ ተረቱና እውነታው

እናት ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። «ሆዱን ያሳምመዋል» እየተባለ ታልቦ ሲደፋ፣ በምትኩም ለጨቅላው ቅቤ ወይም የስኳር ውሃ ሲሰጥ ኖሯል። እንገር ግን ከበሽታ የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች በብዛት ያሉበት፣ መጠኑም ለጨቅላው ትንሽ ሆድ የሚበቃ ነው። ለዚህም ነው ልጅ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ የሚባለው።

«ቆላ ስለሆነ ውሃ ይጠማዋል» የሚለውም ስሕተት ነው። የእናት ወተት ከ85 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ፣ በሙቀትም ቢሆን እስከ 6 ወር ሌላ መጠጥ አያስፈልግም። ውሃ የጠጣ ሕፃን ሆዱ ሞልቶ ጡቱን ይተዋል፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል።

ብዙ እናቶችን ጡት የሚያስተዋቸው «ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ስጋት ነው። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ልጁ አለቀሰ ተብሎ የጣሳ ወተት ሲጨመርለት የሚጠባው ይቀንሳል፤ ወተቱም ያኔ በእርግጥ ያንሳል። ብዙ ጊዜ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው፤ ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁር ክፍልም በሰፊው መጉረስ አለበት። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸናና ክብደት የሚጨምር ልጅ ጠግቧል። አራስ ቤት ድረስ ሄዳ አያያዙን የምታሳይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከየትኛውም ምክር ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው ደንብም የጣሳ ወተት ለሕዝብ እንዳይተዋወቅና ለእናቶች በነፃ ናሙና እንዳይታደል ይጠይቃል።

ከሁሉም የሚጎዳው ተረት ግን «ማጥባት የእናቷ ብቻ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። በ2008 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ፤ የቀሩት ያልጠቡት ግን በእናታቸው ምርጫ ብቻ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደመወዝ ጋር የሚሰጠው ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። የጤና ባለሙያ «6 ወር ጡት ብቻ» ያላት እናት በ3ኛው ወር መጨረሻ ሥራ ትገባለች። የቀሩትን ወራት የሚሸፍነው በመሥሪያ ቤቱ ያለ የሕፃናት ማቆያ፣ ወተቷን የምታልብበት ክፍልና ሰዓት ነው። በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ቤት ያለ ሰው በጡጦ ሳይሆን በስኒ ሊያጠጣው ይችላል። የጉሊት ነጋዴዋ ግን ቀጣሪ ስለሌላት አዋጁ አይደርስላትም፤ ለእሷ የሚያስፈልገው ገበያው አጠገብ ያለ ማቆያ ነው።