ወደ ውጭ አገር ለሚመላለስ ነጋዴ ስለ ክፍያ ካርድ አመራረጥ

ናሙና ለማየት፣ ዕቃ ለመምረጥ ወይም ከገዥ ጋር ለመዋዋል በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጓንዡና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ነጋዴዎች አሉን። እነዚህ ነጋዴዎች የአውሮፕላን ቲኬት በሚገዙበት ጊዜ ሁለትና ሦስት ቦታ ያጠያይቃሉ፤ ስለ ጭነት ኪራይም በኪሎ ይከራከራሉ። በኪሳቸው ስለሚይዙት የክፍያ ካርድ ግን ባንኩ የሰጣቸውን ተቀብለው ከመሄድ በቀር የሚጠይቁ ጥቂቶች ናቸው። ከጉዞ ተመልሰው የሒሳቡን መግለጫ ሲያዩ፣ የከፈሉት ገንዘብና ከሒሳባቸው የተቀነሰው ገንዘብ የማይገጥም መሆኑን ይረዳሉ፤ በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ አልፏል።

የጥንቶቹ የይፋግ ነጋዴዎች በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ ማለት ይቻላል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይፋግ ከምጽዋ በጎንደር በኩል ወደ ጎጃም ለሚያልፈው የሲራራ ንግድ ከታወቁት ገበያዎች አንዱ ነበር። በዚያ ዘመን ነጋዴው 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርትሬዛ ብር ሲቀበል በንግሥቲቱ ራስና በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ሳይመረምር በከረጢቱ አይከተውም። አሞሌ ጨውም ከሚቈረጥበት ከአፋር ምድር በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በአንድ ብር ስንት አሞሌ እንደሚገኝ በየገበያው መጠየቅ ግዴታ ነበር። (ዳሸን ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. በስልክ የሚሠራ መክፈያ ባወጣ ጊዜ ስሙን አሞሌ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም።) እንግዲህ ገንዘብ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር ዋጋው መለወጡ ለእኛ አገር ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ለውጡ በዐይን የማይታይ መሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ካርዱ ከአገር ውጭ የሚሠራ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በካርዱ ፊት የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ወይም የዩኒየንፔይ ምልክት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በብር ሒሳብ ላይ የተሰጡ ብዙ ካርዶች ይህን ምልክት ይዘው ከአገር ውስጥ በቀር አያገለግሉም። ውጭ አገር የሚሠራው በተለመደው አሠራር ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ ተጓዡ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ቲኬቱን፣ ለንግድ ሲሄድም የንግድ ፈቃዱን አቅርቦ ባንኩ በሚፈቅድለት መጠን በውጭ ገንዘብ አስቀድሞ የሚሞላ ካርድ ነው። ሁለተኛው፣ በውጭ ገንዘብ ከሚንቀሳቀስ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የምንዛሪ ሥርዓት ላኪዎች ከሽያጫቸው ግማሹን በውጭ ገንዘብ እንዲይዙ ስለ ፈቀደ፣ ኑግና ሰሊጥ ለሚልክ ነጋዴ ይህኛው ዐይነት ይስማማዋል። ሁለተኛውን ማግኘት የሚችል ሰው በየጉዞው ማስፈቀድና ማስሞላት ይቀርለታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የዋጋው ነገር ነው። በካርድ ምክንያት የሚወሰደው ገንዘብ በአንድ ስም አይጠራም። ለካርዱ መስጫ፣ ለዓመት፣ ለመሙያ፣ ለጠፋ መተኪያ፣ ቀሪ ሒሳብን ለመጠየቅ እንኳ የሚከፈል ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ በባንኩ የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ስለሚጻፉ ደንበኛው ያያቸዋል፤ ስለሚያያቸውም ካርድን የሚመርጠው በእነርሱ ብቻ ነው። ትልቁ ወጪ ግን በመቶኛ የሚታሰበው የምንዛሪ ኮሚሲዮን ነው። ካርዱ በዶላር ሆኖ ግዢው በድርሃም ወይም በዩዋን በሚሆንበት ጊዜ ባንኩ በካርድ ድርጅቱ የምንዛሪ ልክ ላይ የራሱን ይጨምራል።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ በዓመት አራት ጊዜ ሄዶ በየጉዞው 2,000 ዶላር፣ በጠቅላላው 8,000 ዶላር በካርድ ይከፍላል እንበል። የዓመት ክፍያ የሌለው፣ ነገር ግን 3 በመቶ ኮሚሲዮን የሚወስድ ካርድ ቢይዝ 240 ዶላር ይወጣበታል። በዓመት 40 ዶላር የሚያስከፍልና 1 በመቶ የሚወስድ ካርድ ቢይዝ ግን 80 እና 40 ተደምሮ 120 ዶላር ብቻ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ ሄዶ 1,000 ዶላር ለሚያወጣ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በፊተኛው 30፣ በኋለኛው 50 ዶላር ይከፍላል። በዚህ ስሌት ሁለቱ እኩል የሚሆኑት በ2,000 ዶላር ላይ ነው። ቁጥሩ ለማስረጃ ያህል የተወሰደ ነው፤ ማንም ነጋዴ የራሱን ባንክ ዋጋ አስገብቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊያሰላው ይችላል። ይህን ስሌት መናቅ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይጎዳል፤ ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር ከ57 ብር ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ባንኩን በሚጠይቁበት ጊዜ፣ «ግዢው ራሱ በዶላር ቢሆንስ ትወስዳላችሁን?» ብሎ መጨመር መልካም ነው። ምንም ምንዛሪ ሳይኖር፣ ክፍያው ከአገር ውጭ በመሆኑ ብቻ የሚያስከፍሉ ካርዶች አሉና።

ጥሬ ገንዘብ ከኤቲኤም ማውጣት ሌላው የወጪ በር ነው። በየጊዜው ካርዱን የሰጠው ባንክ የተወሰነ ገንዘብ ይወስዳል፤ የኤቲኤሙ ባለቤትም የራሱን ሊጨምር ይችላል። በአንድ ጊዜ 5 ዶላር የሚወሰድ ከሆነ፣ 2,000 ዶላር በሁለት መቶ በሁለት መቶ ያወጣ ሰው 50 ዶላር ይከፍላል፤ በሁለት ጊዜ ያወጣ 10 ዶላር ብቻ። ስለዚህ ለታክሲና ለምግብ የሚበቃውን ግምት አስቀድሞ መያዝና የቀረውን በቀጥታ በካርዱ መክፈል ይሻላል። ጅቡቲ ላይ ግን ትንንሹ ወጪ በጥሬ ፍራንክ ስለሚከፈል ይህን ወጪ ከነጭራሹ ማስቀረት አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ ነጋዴዎቻችንን የሚያታልለው ግን በሱቁ ወይም በሆቴሉ የክፍያ መሣሪያ ላይ የሚመጣው ጥያቄ ነው። መሣሪያው ካርዱ የዶላር መሆኑን ዐውቆ፣ «በዶላር ልክፈልልዎ ወይስ በድርሃም?» ብሎ ይጠይቃል። ተጓዡም የሚያውቀውን ገንዘብ ሲያይ ደስ ብሎት ዶላሩን ይነካል። በዚህን ጊዜ ምንዛሪውን የሚሠራው የካርድ ድርጅቱ መሆኑ ቀርቶ የሱቁ ባንክ ይሆናል፤ ልኩንም እንደ ፈቀደ ይቈርጣል። የድርሃም ነገር ለመመርመር ቀላል ነው፤ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ሆኖ የተተከለ ስለ ሆነ የ3,672 ድርሃም ከሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ 1,000 ዶላር ነው። መሣሪያው 1,040 ዶላር ካለ 40 ዶላሩ በከንቱ የሚሄድ ነው። መልሱ ምንጊዜም ያለንበት አገር ገንዘብ መሆን አለበት። አስተናጋጁ ሳይጠይቅ በዶላር ካስገባውም ክፍያው ተሰርዞ እንደገና እንዲሠራ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ወደ ቻይና የሚሄድ ነጋዴ ብዙ ሱቆች በስልክ የሚከፈለውን አሊፔይ ወይም ዊቻት ፔይ እንደሚፈልጉ ይወቅ። ሁለቱም የውጭ ካርድ እንዲያያዝባቸው ይፈቅዳሉ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ከ200 ዩዋን በታች ለሆነ ግዢ ኮሚሲዮን አልነበረም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን 3 በመቶ ይወሰድ ነበር። ይህ ከባንኩ ኮሚሲዮን በላይ የሚጨመር ነው። ለሆቴልና ለትልልቅ መደብር ክፍያ የዩኒየንፔይ ካርድ ቢኖር ይመረጣል።

አንድ ነገር ግን ሊቀላቀል አይገባውም። የጉዞ ካርድ ለጉዞ ወጪ ነው። የሚገባው ዕቃ ዋጋ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ወይም ባንክ በሚፈቅደው በሌላ መንገድ መከፈል አለበት፤ በካርድ ገዝቶ በኮንቴይነር ያስጫነ ሰው ከጉምሩክ ፊት የሚያቀርበው የባንክ ፈቃድ አያገኝም። ከመንገድ ላይ መንዛሪ ዶላር ገዝቶ በወገቡ ታጥቆ የሚሄደውም ኮሚሲዮን ያዳነ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕግ የጣሰ ከመሆኑ በላይ ገንዘቡ ቢያዝ ወረቱ ይጠፋል፤ ባይያዝም ወጪውን በመዝገቡ የሚያስመሰክርበት ወረቀት የለውም።

ሆቴሎች እንግዳ ሲገባ ለዋስትና ያህል ከካርዱ ገንዘብ ይይዛሉ፤ የተያዘውም የሚለቀቀው እንግዳው ከወጣ ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ የሚወጣ ነው ብሎ ማሰብ አይገባም፤ ሁለተኛ ካርድ በሌላ ሻንጣ ማስቀመጥም ጠቃሚ ነው። ከመነሣት በፊት ለባንኩ የሚሄዱበትን አገር ማስታወቅና የባንኩ መልእክት በሚመጣበት ስልክ ላይ ሮሚንግ ማስከፈት ያስፈልጋል፤ የማረጋገጫው ቁጥር ስልኩ ላይ ካልደረሰ ካርዱ ገንዘብ ሞልቶበትም አይከፍልም። ሲመለሱም በካርዱ የቀረው ዶላር ወደ ብር የሚለወጠው በባንኩ መግዣ ዋጋ ስለ ሆነ፣ በቅርቡ ደግሞ የሚሄድ ሰው እዚያው ቢያቆየው ይሻለዋል፤ የካርዱን የማብቂያ ቀን ብቻ ይመልከት።