ከኅዳር እስከ ነሐሴ የሚደርስ አስቤዛ

ፀሐይዋ ገና ማቃጠል ሳትጀምር የአብርሃ ጅራ ጉልት ይሞላል። ሻጭ የማሽላ ክምሯን ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ ጣሳዋን አናቱ ላይ ታስቀምጣለች። ልምድ ያላት ገዢ መጀመሪያ የምታየው እህሉን አይደለም፤ ጣሳውን አንስታ ጎንና ጎኑን በጣቷ ትዳስሳለች። ቂጡ ወደ ውስጥ የገባ፣ ጎኑ የተጨረመተ ጣሳ በአንድ ስፍር አንድ እፍኝ ያህል ይሰርቃል። በሳምንት አሥር ጣሳ ለሚገባበት ቤት አሥር እፍኝ ጎደለ ማለት ነው፤ የአንድ ምሽት ገንፎ። ጣሳው ደህና ከሆነ ድርድሩ ይቀጥላል። "እስኪ ሞላ አድርገሽ ስፈሪልኝ እቴ፤ ምራቂውንም እንዳትረሽ።" ሻጭ ትስቃለች፤ አንድ እፍኝ ትጨምራለች፣ ወይም የጨመረች ትመስላለች።

አስቤዛ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛው ስፔዛ መጥቶ አማርኛ ቤት ውስጥ ጓዳ ድረስ ዘልቋል። ከእርሱ በፊት የነበረውና ዛሬም ያልሞተው ቃል ቀለብ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። አስቤዛ የሚሸመት ነው፣ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚወጣበት፤ ቀለብ ግን የሚከተት ነው፣ ጎተራ የሚገባ። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ትንሽ ገንዘብ ያላቸው ቤቶች ችግር በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው ያለው። ዓመቱን በአስቤዛ ብቻ የሚገፋ ቤት ከጎረቤቱ እኩል እየበላ ከጎረቤቱ ይበልጥ ይከፍላል።

አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር በሳንጃ አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ እሷን አልፎ ወደ አብደራፊ ይዘልቃል። እንደ መተማና እንደ ቋራ ሁሉ አገሩ የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ነው፤ በቅርብ ዓመታት አኩሪ አተርና ማሾም ተጨምረዋል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካደረ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። በዚህ የተነሳ በአረሙና በአጨዳው ወራት ከደጋው አገር በመቶ ሺህ የሚቆጠር የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ብር እንደ ክረምት ጎርፍ ይመጣል፤ ምግብ ቤቱ ይሞላል፣ ሱቁ ይደምቃል፣ ጀበና የጣለች ሁሉ ታተርፋለች። ከዚያ ይጎድላል። ሰኔ ሲገባ፣ ዋልካው ጭቃ ሲሆንና የመኪና ጎማ ውጦ ሲያቆም፣ እህሉ ውድ ነው፣ ኪሱም ባዶ ነው። የዚህ አገር አስቤዛ ከብሩ ብዛት ይበልጥ በወሩ ይወሰናል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ማውረድ ይቻላል። በኢትዮጵያ የእርዳታ እህል ሲታደል የተለመደው ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ድሎት አይደለም፤ ሰውን አቁሞ የሚያሳድር ልክ ነው። ይህን ይዞ አምስት ነፍስ ያለበትን ቤት ብናሰላ በወር 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬና 2.25 ሊትር ዘይት ይወጣል። እህሉ ብቻ በዓመት 9 ኩንታል ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያሉት አራቱ ክፉ ወራት የሚፈልጉት 3 ኩንታል ነው።

ቁጥሩ ሦስት መሆኑ ነገሩን ያቀለዋል። ዘጠኝ ኩንታል ለቀን ሠራተኛ ቤት ሕልም ነው፤ ሦስት ኩንታል ግን ሊታሰብ ይችላል። ማሽላ በቆላው ተወቅቶ ገበያ የሚወጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ሻጩ ብዙ ነው። በነሐሴ ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የእርሻ ባለቤቶች ለአረም ሠራተኞቻቸው ቀለብ ከዚያው ገበያ ያነሳሉ። በሁለቱ ወራት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት፣ ለስሌት ያህል፣ በኩንታል 1,000 ብር ቢሆን ሦስቱ ኩንታል 3,000 ብር ያተርፋሉ። ይህን የሚያህል ብር ከሽንኩርትና ከጨው ላይ ቆንጥሮ ለማጠራቀም ስንት ወር እንደሚፈጅ የቤት እመቤት ሁሉ ታውቀዋለች።

ታዲያ ሰው ለምን በኅዳር አይገዛም? ብዙ ጊዜ የኅዳሩ ብር በኅዳር የእርሱ ስላልሆነ ነው። ባለሱቁ ደብተር ላይ ከሰኔ ጀምሮ የተጻፈ ዱቤ አለ። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ሕፃኑ ወባ የያዘው ዕለት የተበደሩት ሳይቀር ተደምሮ ይጠብቃል። ከድንበሩ ማዶ በገዳሪፍ በኩል ሱዳኖች ሸይል የሚሉት የቆየ አሠራር አለ፤ ነጋዴው ለገበሬው በክረምት ገንዘብ ያበድርና ሰብሉ ሲደርስ ቀድሞ በተቆረጠ፣ ዝቅ ባለ ዋጋ ምርቱን ይረከባል። በወዲህኛው ወገንም በክረምት ተበድሮ በሰሊጥ የሚከፍል ገበሬ እንግዳ አይደለም። በባለሱቁ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ያለ እርሱ ደብተር ነሐሴን የማይሻገር ቤት ሞልቷል፤ እርሱም ዕቃውን ያመጣው በብድር ይሆናል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ሌላ ሱቅም አይሄድም።

ሌላው የድህነት ግብር ችርቻሮው ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን የሚገዛና በየቀኑ ሲኒ ሙሉ ዘይት በላስቲክ እያስቋጠረ የሚወስድ ሰው በሊትር አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ሊትሩ በጀሪካን 250 ብር፣ በሲኒ ተመንዝሮ ደግሞ 300 ብር ይውጣ እንበል። 2.25 ሊትር ለሚፈጅ ቤት ልዩነቱ በወር 112 ብር ከ50 ነው፤ በዓመት 1,350 ብር። ሀብታሙ ርካሽ የሚገዛው ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፤ ጀሪካኑን የሚያክል ብር በአንድ ቀን ስላለው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ጎረቤት ነው። ሀበሻ መቼም በጋራ መግዛትን ከማንም አልተማረም። ለፋሲካ በሬ ገዝቶ፣ አርዶ፣ መደብ መድቦ፣ ዕጣ አውጥቶ የሚከፋፈለው የቅርጫ ማኅበር ትልቅ ዕቃ በአንድ ላይ የመግዛት ትምህርት ቤት ነው። የሚገርመው ይህ ጥበብ በበዓል ቀን ለሥጋ ሲውል እንጂ በአዘቦት ቀን ለዘይት ሲውል ብዙ አለመታየቱ ነው። አራት ቤቶች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢገዙ ለእያንዳንዳቸው 5 ሊትር ይደርሳቸዋል፤ የሚያስፈልገው አንድ የማያዳላ መስፈሪያና ሁሉም እያዩ መቅዳት ብቻ ነው። ቡናውም እንዲሁ ነው። ጎረቤት በተራ ሲያፈላ የአንዷ ቤት ቡናና ስኳር በየቀኑ አይወጣም፤ አቦል፣ ቶናው፣ በረካው ግን በየቀኑ አለ።

እቁብም እዚህ ላይ ይገባል። አሥር ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 5,000 ብር ያገኛል። በጥቅምት ተጀምሮ በታኅሣሥ የሚያልቅ እቁብ ለአንድ የቀን ሠራተኛ ቤት ከባንክ ይበልጣል፤ ብሩ በመሸታ ቤትና በልብስ ከመበተኑ በፊት ኩንታል ሆኖ ይገባል። መቼም እቁብ ደርሶት ስልክ የገዛም አለ።

እህሉ ገባ ማለት ግን ተረፈ ማለት አይደለም። የመተማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ነቀዝ የሚወደው ሙቀት ነው። በታኅሣሥ ሙሉ የነበረ ጆንያ በሰኔ ሲፈታ ዱቄቱ ከሥር ይራገፋል፣ ማሽላው ቀፎ ይሆናል። ያን ጊዜ የዋጋው ትርፍ ነቀዝ በላው። በገዳሪፍ ገበሬዎች ማሽላን መጥሙራ በሚሉት ጉድጓድ ይቀብሩታል፤ በሐረርጌም የማሽላ ጉድጓድ የታወቀ ነው። አየር በማሳጣት ነቀዙን መግደል ነው ዘዴው።

ይኸው ሐሳብ በ1980ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ካሜሩን ውስጥ በከረጢት መጣ። የአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለአተር ዘመዶች ማስቀመጫ ብለው የሠሩት ሦስት ድርብ ከረጢት ነው፤ ሁለት ወፍራም ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ። በየተራ ጥብቅ ተደርገው ሲታሠሩ ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ያልቃል፤ መርዝ አይነሰነስም። ፒክስ በሚል ስም ኢትዮጵያም ገብቷል። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል መድረቁንና ላስቲኩን አይጥ አለመብሳቱን። በየሳምንቱ እየፈቱ አንድ አንድ ጣሳ መዝገን ግን ከንቱ ያደርገዋል፤ በተፈታ ቁጥር አዲስ አየር ይገባልና። የወር ፍጆታ በአንዴ አውጥቶ ሌላውን እንደታሠረ መተው ይሻላል።

ሙቀቱ ምጣድ ላይም ሒሳብ አለው። ደጋ ላይ ሦስት ቀን የሚያስፈልገው ሊጥ ቆላ ላይ ፈጥኖ ይቦካል፣ ካለፈም ይኮመጥጣል። የጤፍ እንጀራ በደጋ እስከ አራት ቀን ሲቆይ ቆላ ላይ ቶሎ ይሻግታል፤ የማሽላ እንጀራ ደግሞ ውሎ ሲያድር ይደርቅና ይፈረፈራል። ብዙ ቤቶች ጤፉን በማሽላ ቀይጠው ይጋግራሉ፤ አንዱ ዋጋውን ያወርዳል፣ ሌላው ልስላሴውን ይጠብቃል። ችግሩ ማገዶው ነው። በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ቢጋገር እንጀራው አይበላሽም፣ እንጨቱ ግን ያልቃል፤ በሳምንት አንዴ ቢጋገር እንጨቱ ይተርፋል፣ እንጀራው ይጣላል። ሁለት ጎረቤታሞች ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ተከታትለው ሲጋግሩ እንጨቱም እንጀራውም ይተርፋል፤ ምጣድ ማሟሻው እንጨት አንዴ ብቻ ወጣ። የተረፈው እንጀራ በዚያ ፀሐይ ላይ በግማሽ ቀን ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ አይነካውም። ባሚያና ቲማቲምም በረከሱበት ሰሞን ተከትፈው ለክረምቱ ሊደርቁ ይችላሉ። ሽንኩርት ግን ከፎገራ ድረስ በመኪና የሚመጣ ነውና መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ይዘላል።

መንገዱ ሲዘጋ፣ ድንበሩ ሲናጋ፣ ብሩ ሲወርድ፣ እነዚህ የጓዳ ዘዴዎች ሁሉ አቅማቸው ትንሽ መሆኑም መነገር አለበት። በ2014 ክረምት ዋዜማ በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ ዋጋ ከዓመት በፊት ከነበረው ከ40 በመቶ በላይ ጨምሮ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳና መተማ ዮሐንስ የስደተኛ በር ሆነች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ከውጭ የሚመጣው ፓልም ዘይትም አብሮ ከሚንሩት አንዱ ነው። በጣሳ ድርድር የሚተርፍ እፍኝ ይህን አይመልስም።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሰው ኤርነስት ኤንግል በ1857 በፈረንጆች አቆጣጠር የቤልጂግ ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ቤት በደኸየ ቁጥር ከገቢው ለምግብ የሚያወጣው ድርሻ ይበዛል። በኢትዮጵያ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ውስጥ የምግብ ክብደት ከግማሽ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ዋጋ ሲጨምር ሌላ የሚቀንሰው ወጪ ስለሌለው ከሳህኑ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ ጥራጥሬውና ዘይቱ ነው። ሽሮው ይቀጥናል፣ እንጀራው አይቀንስም፣ ሆድ ይሞላል፣ ልጁ ግን ይቀጭጫል። ከመቁረጥ መለወጥ ይሻላል። አገሩ ራሱ የሚያበቅለው ማሾ በንፍሮም በወጥም ይሆናል። አኩሪ አተርም በደንብ ተቆልቶ ከሽሮ እህል ጋር ሊፈጭ ይችላል፤ ጥሬውን ግን ሆድ አይወደውም። ጾሙም ለሚያሰላበት ያግዛል። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ቅቤ ፈላጊ ሲያጣ ዋጋው ይላላል፤ ያን ጊዜ ተገዝቶ በደንብ የተነጠረ ቅቤ ወራት ይቆያል። ለፋሲካ ዋዜማ የሚገዛው ግን የሰውን ሁሉ ጥድፊያ አብሮ ይገዛል።

ሦስቱን ጆንያ በታኅሣሥ ያስገባች ቤት በከሰል "ሰኔ"፣ "ሐምሌ"፣ "ነሐሴ" ብላ ብትጽፍባቸው፣ በሐምሌ እንግዳ መጥቶ የነሐሴውን ለመፍታት እጅ ሲዘረጋ ጽሑፉ ይከለክላል። በወር 75 ኪሎ ብቻ ከወጣ ከሦስቱም 25፣ 25 ኪሎ ይተርፋል፤ እሱ የመስከረም ነው። የነሐሴው ጆንያ በሚፈታበት ሰሞን ሰሊጡ አበባ ላይ ነው፤ አበዳሪውም ማሳ ለማሳ እየተዘዋወረ የዘንድሮው ቡቃያ ምን እንደሚመስል ማየት ጀምሯል።