የተኛ ኮድ ባለቤቱ ማን ነው?

የሥራ ማስታወቂያዎች ሲኒየር ዴቨሎፐርን በዓመት ይሰፍሩታል፤ አምስት ዓመት ልምድ፣ ከሥሩ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ዝርዝር። ዓመት ከንቱ ነው አልልም። ሆኖም ፈጥኖ መጻፍን ብቻ ያካበተ ሰው ዐሥር ዓመት ቢሠራም ጎበዝ ጁኒየር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ለእኔ መለኪያው ኮዱ ከእጁ ከወጣ በኋላ ስለሚገጥመው ነገር የሚያነሣው ጥያቄ ነው።

ናይት ካፒታል የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ድርጅት እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አጥቷል። ድርጅቱ ፓወር ፔግ የሚባል የግብይት ኮድ ነበረው፤ በ2003 መጠቀሙን ቢያቆምም ከሲስተሙ አላወጣውም። በ2005 ደግሞ የተሟሉ ትዕዛዞችን እየቆጠረ «በቃ» የሚለው ክፍል ከቦታው ሲነሣ፣ ፓወር ፔግ ያለ እሱ ምን እንደሚሆን የሞከረ አልነበረም። በ2012 አሮጌውን ኮድ ይቀሰቅስ የነበረው ምልክት ለአዲስ ሥራ ተሰጠ። አዲሱ ኮድ ከስምንት ሰርቨሮች በሰባቱ ላይ ተጫነ፤ ስምንተኛው ተዘለለ። ገበያው ሲከፈት ይኸው ሰርቨር ዓመታት የተኛውን ኮድ ቀስቅሶ ትዕዛዝ ያዘንብ ጀመር። ይባስ ብሎ፣ ችግሩን ለማስቆም አዲሱ ኮድ ከሰባቱ ሲነሣ እነሱም እንደ ስምንተኛው ሆኑ። (ከገበያው መከፈት በፊት ሲስተሙ ራሱ ስሕተት የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎች ልኮ ነበር፤ ልብ ያላቸው የለም።) በዚህ ሁሉ ውስጥ የሊቅ ጭንቅላት የሚጠይቅ አንድም ነገር አላይም። ይህ አሮጌ ኮድ ለምን አይሰረዝም? ምልክቱ ድሮ ለምን ሥራ አገልግሏል? ስምንቱም ላይ መጫኑን ማን አየ? የጎደለው እነዚህን የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጥፋቱ የአሠራር እንጂ የሰው አይደለም የሚል ይኖራል። የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪም በ2013 ድርጅቱን 12 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈለው በቁጥጥር ሥርዓት ጉድለት ነው። ልክ ነው፤ ግን ሥራ አስኪያጁ ፓወር ፔግ መኖሩን በምን ያውቃል? የአሠራሩን ቀዳዳ ማሳየት የሚችለው ኮዱን የሚያውቀው ነው። የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ደንበኛ «ለነገ» በሚልበት በአዲስ አበባ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ለጥንቃቄ የሚከፍል የለም። እውነት፣ የለም። ሲኒየር ግን ለሁሉም ነገር አይሟገትም፤ ዛሬ ቢታለፍ በኋላ የማይጠገነውን ለይቶ እዚያ ላይ ብቻ ድርቅ ይላል። የቀን አመዘጋገብን እናንሣ። ቀን ከነዘመን አቆጣጠሩ እንዲመዘገብ ማድረግ ሥራው ሲጀመር ቀላል ነው። ሁሉም እንዳሻው እንዲሞላ ከተተወ ግን 03/05/2010 የሚል የልደት ቀን ጥር 3 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ሜይ 3? ለነገሩ ማርች 5ም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል እንኳ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ልዩነት አለ። ጳጉሜን በስሙ የተጻፈበት መዝገብ ራሱን ያጋልጣል፤ ከሌላው አብዛኛውን ግን የትኛውም ኮድ አይለየውም፤ ለባለጉዳዮቹ አንድ በአንድ መደወል ነው።