በዓይን የማይታየው የጣና ሣር

ከብት ያለ ሣር አይኖርም። ይህን የፎገራ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። ታዲያ የጣና ዓሣ ምን በልቶ ይኖራል? በሐይቁ መካከል ሣር የለ፣ ቅጠል የለ! መልሱ ያለው ውኃው ውስጥ ነው።

በጣና ውኃ ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ዕፅዋት ይንሳፈፋሉ። ሥርም፣ ግንድም፣ ቅጠልም የላቸውም። የሳይንስ ሰዎች ፋይቶፕላንክተን ይሏቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው ብዙ ነው። አንዳንዶቹ እንደ መስተዋት ያለ ቅርፊት አላቸው፤ አንዳንዶቹ ኮከብ ይመስላሉ፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይኖራሉ።

እነዚህ ዕፅዋት እንደ ጤፍና እንደ ሩዝ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ራሱ ይበላቸዋል። ጥቃቅን የውኃ እንስሳትም ይበሏቸዋል፤ እነዚያን ደግሞ ሌሎች ዓሦች ይበላሉ። ስለዚህ ዕፅዋቱ ካልበቀሉ የዓሣ አጥማጁ መረብ ባዶ ነው።

ለመብቀል ምግብና ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በክረምት ውኃቸው እንደ አተላ ይደፈርሳል። ይህ ደለል ሜዳውን ያለማል፤ ለውኃው ዕፅዋትም ምግብ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ብርሃኑን ይጋርዳል። በጨለማ ቤት የበቀለ እህል ይነጣል እንጂ አያፈራም፤ እዚያም እንዲሁ ነው። ዝናቡ አልፎ በጥቅምትና በኅዳር ውኃው ጠራ ሲል ዕፅዋቱ ይበዛሉ። የጣና ምርት ከብዙ የሞቃት አገር ሐይቆች ዝቅ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ድፍርስነት ነው። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የውኃውን ፊት እየሸፈነ ብርሃን ይነጥቃቸዋል።

«እንግዲያው ሲበዙ ጥሩ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ጥሩ የሚሆነው ዓይነታቸውም ሲበዛ ነው። አንዱ ብቻ ሌሎቹን ውጦ ሲበዛ ጉዳት አለው። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዓይነት መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ውኃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ መስሎ ሲታይ ከብት አናጠጣ፤ እኛም አንጠጣ። ማፍላት መርዙን አያጠፋውም።

አንድ ቀላል ሙከራ እንንገራችሁ። በሐምሌ ከርብ ወንዝ በብርጭቆ ውኃ ቀዳን። ጣታችንን ከብርጭቆው ኋላ ብናደርገው አልታይ አለን። ብርጭቆውን ሳንነካው አሳደርነው። በማግሥቱ ውኃው ጠራ ብሎ፣ ጭቃው ከታች ተኝቶ አገኘነው። ያ ጭቃ የደጋ ገበሬ የማሳ አፈር ነው። ስለዚህ ከላይ ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራ የራሱን ማሳ ብቻ አያድንም፤ ከታች ላለው ዓሣ አጥማጅም ውኃውን ያጠራለታል።