ለጥገናና ለማጠብ የሚመች የውሃ መቆጣጠሪያ ቫልቭ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በተፈናቃዮች መጠለያዎች የንጹሕ ውሃ መጓደል ለበሽታ መዛመት አንዱ ምክንያት እንደነበር ይታወሳል። ሆኖም የውሃ ተቋም መሥራት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተጠብቆ እንዲያገለግልም በአሠራሩ ሊታሰብበት ይገባል።

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠሮች ከተዳፋት ላይ የጎለበተ ምንጭ ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ወደ ቦኖ ሊወርድ ይችላል። ክረምት ሲገባ ግን ቀዩ አፈር ከጎርፍ ጋር ወደ ምንጩ ከዘለቀ፣ ደለሉ በመስመሩ ዝቅተኛ ሥፍራዎች ይረጋል፤ አየርም በከፍተኛዎቹ ይታፈናል። ስለዚህ በየዝቅታው የማጠቢያ፣ በየከፍታው የአየር ማስወጫ ቫልቭ ማኖር ያስፈልጋል። የማጠቢያው ቀዳዳ እጅግ ከጠበበ ውሃው ደለሉን ጠርጎ የሚያወጣበት ፍጥነት አያገኝም።

ቫልቩ በአፈር ሳይቀበር፣ ክዳን ባለውና መፍቻ እንደ ልብ በሚዞርበት የግንብ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጥ። ዩኒየን ከተገጠመለት ቧንቧው ሳይቆረጥ ተፈትቶ ጎሚኒው ይለወጣል። በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ ይህን የሚችል ዓይነት ይመረጥ። ሲዘጋም በዝግታ ይሁን፤ በድንገት የተገታ ውሃ ቧንቧ ይሰነጥቃልና።

በአንዲት ጎሚኒ እጦት ቦኖ ሲደርቅ እናቶች እንስራ አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለሆነም የውሃ ኮሚቴዎች መፍቻና መለዋወጫ በእጃቸው እንዲኖር፣ ከክረምት በፊትና በኋላም መስመሩን እንዲያጥቡ ያስፈልጋል።