ልብ ካላየ ዓይን አያይም፦ ስለ ማየትና መስማት ተረትና እውነታ

ዓይንና ጆሮ መልእክት ያቀብላሉ፤ ትርጉም የሚሰጠው አንጎል ነው። ይህ ሲዘነጋ የሚከተሉት አባባሎች እውነት ይመስላሉ።

ተረት፦ “ዓይኔን ከፍቼ ፊቴ የቆመ ነገር እንዴት ያመልጠኛል?”

እውነታ፦ ያመልጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ ባሳተሙት ጥናት፣ ተመልካቾች በቪዲዮ የሚታዩ ተጫዋቾች ኳስ ስንት ጊዜ እንደተቀባበሉ እንዲቆጥሩ ተነገራቸው። የጎሪላ ልብስ የለበሰ ሰው በተጫዋቾቹ መሃል ሲያልፍ ግማሽ ያህሉ ተመልካቾች ልብ አላሉትም። ትኩረታቸውን ቆጠራው ወስዶት ነበር።

ተረት፦ “ልምድ ያለው ባለሙያ ግን አይሸወድም።”

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት 24 ራዲዮሎጂስቶች በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ ትናንሽ እባጮችን ፈለጉ። ከተለመደው እባጭ 48 እጥፍ የሚተልቅ የጎሪላ ሥዕል ምስሉ ውስጥ ቢገባም 20ዎቹ አላዩትም። ካላዩት ውስጥ የአብዛኞቹ ዓይን በቀጥታ ሥዕሉ ላይ አርፎ ነበር። ልምድ የሚፈለገውን ለማግኘት ይረዳል፤ ላልተጠበቀው ግን ዋስትና አይሆንም።

ተረት፦ “ዓይነ ስውር ጆሮው ስል ነው፤ ፈጣሪ አንዱን ቢነሳው ሌላውን ይጨምርለታል።”

እውነታ፦ ጆሮው እንደማንኛውም ሰው ጆሮ ነው፤ የሚለወጠው የአንጎል አሠራር ነው። በልጅነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል በጣታቸው ሲያነቡ ለማየት የተመደበው የአንጎል ክፍል እንደሚሠራ እ.ኤ.አ. በ1996 ታውቋል። ብልጫውም በሁሉም ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ከጎን የሚመጣን ድምፅ አቅጣጫ በመለየት ይበልጣሉ፤ ከላይ ይሁን ከታች ለመለየት ግን ሊቸገሩ ይችላሉ። ምላስን አጩኾ በሚመለሰው ድምፅ አካባቢን ማወቅም የሚለመድ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ዓይነ ስውራንም ዓይናማዎችም በ10 ሳምንት ሥልጠና ተምረውታል።

ተረት፦ “ሞራ ይዞ የተወለደ ልጅ ሞራው በተነሳ ዕለት እንደ እኩዮቹ ያያል።”

እውነታ፦ ማየትም ይለመዳል። በህንድ የፕሮጀክት ፕራካሽ ተመራማሪዎች ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን 5 ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ፈትነዋል። ልጆቹ በእጃቸው ዳስሰው ያወቁትን ቅርጽ በዓይናቸው ብቻ ለይተው ማውጣት አቃታቸው። ዳግም የተፈተኑት ግን በእጅጉ ተሻሽለው ተገኝተዋል። በሽምግልና ሞራ የጋረደው ሰው አንጎሉ ድሮ ማየት ለምዷል፤ ሕፃኑ ግን ገና መልመድ አለበት። ስለዚህ የሕፃን ዓይን ብሌን ነጣ ብሎ ከታየ “ሲያድግ ይታከማል” ብሎ ማቆየት ይጎዳዋል። ሳይውል ሳያድር የዓይን ሐኪም ይየው።